ስሙ የተጻፈና ስሙ የቀረ

(መግቢያ ሙዚቃ፦ ማሲንቆ በአምባሰል ቅኝት፤ ከ20 ሴኮንድ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  በሐይቅ ከተማና በተሁለደሬ ቀበሌዎች፣ በውጫሌ፣ በአምባሰል ደጋና ቆላ ላላችሁ አድማጮች የቀረበ ነው።

የዛሬው ርዕሳችን በመሥሪያ ቤት ወረቀት «አካታች ዕድገትና ማኅበራዊ አካታችነት» ተብሎ የሚጻፈው ነው። በእኛ አፍ ሲነገር ጥያቄው ቀላል ነው፦ አገር ስታድግ እነማን አብረው ያድጋሉ? የቀረውስ ሰው መቅረቱን ማን ያውቅለታል?

ስለ ፖሊሲ ሲወራ ወሬው አዋጅና በጀት ላይ ይቆማል። እኔ ከዚያ ዝቅ ብዬ ስለ አንድ ወረቀት ላጫውታችሁ ነው፤ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው የስም ዝርዝር። ፖሊሲ የሚጸድቀው አዲስ አበባ ነው፤ ሐይቅና ውጫሌ የሚደርሰው ግን የስም ዝርዝር ሆኖ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሰው ፖሊሲው ይደርሰዋል። የሌለበት ሰው አዋጁ ምንም ቢያምር አይደርሰውም።

አስቀድሜ ጥቂት ቁጥር ልጥቀስ። በ1988 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45.5 በመቶው ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር። በ2003 ዓ.ም. ወደ 29.6፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 23.5 በመቶ ወረደ። ይህን ማቃለል ነውር ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ሰው ነው ከችግር የወጣው። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. ልኬት የከተማው ድህነት 14.8 በመቶ ሲሆን የገጠሩ 25.6 በመቶ ነበር። ከዚያም የሚብሰው የዓለም ባንክ ጥናት ያሳየው ነው፤ ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት፣ አገሪቱ በፍጥነት ታድጋለች በሚባልበት ጊዜ፣ የገጠሩ የድሃ ድሃ ኑሮ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም ማለት ይቻላል። ዕድገቱ ነበረ። ታችኛው ቤት አልገባም።

ይህ አካባቢ ታች መቅረት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። የ1965 እና የ1966ቱን፣ ከዚያም የ1977ቱን ረሃብ ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ገበሬው እንዴት እንደተረፈ ሊያጠኑ ሲነሡ የመረጡት ቦታ አምባሰል አውራጃ ነበር። ጥናቱ በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። እዚያ የምናገኘው የአምባሰል ገበሬ እጁን ዘርግቶ እርዳታ የሚጠብቅ አይደለም። የክረምቱን አዝማሚያ አይቶ ቀድሞ ይጠነቀቃል፤ ማዕዱን ይቀንሳል፤ ፍየሉንና በጉን ይሸጣል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ የጫካ ፍሬና ቅጠል ይለቅማል። በሬውን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል፤ በሬ ከተሸጠ የሚመጣው ዓመት እርሻ አብሮ ተሸጧልና። ቀዬውን ጥሎ መሄድ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚመጣ ነው።

የ1977ቱ እርዳታ በአብዛኛው የተከማቸው አውራ ጎዳና ዳር ነበር። ባቲንና ኮረምን ዓለም የሚያውቃቸው በዚሁ ነው። እርዳታው መራመድ ለቻለ ሰው ደረሰ፤ የደረሰውንም ሰው ነፍስ አተረፈ። በሬው ግን ተሸጦ አልቆ ነበር። ሰውየው በሕይወት ወደ ቀዬው ሲመለስ የሚያርስበት አልነበረውም፤ ቀጣዩ ድርቅ ሲመጣ ከፊተኛው ይልቅ ባዶውን ነው የሚያገኘው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተነደፈው ይህንን ክፉ አዙሪት ለመስበር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር በየዓመቱ «ዘንድሮ ይህን ያህል ሰው ተርቧል» ብሎ ለዓለም ጥሪ ማቅረብ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተረጂው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሲደርስ መንግሥትም ለጋሾቹም ቆም ብለው አሰቡ። በየዓመቱ የሚራበው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ታዲያ እህሉ ለምን በሬው ከተሸጠ በኋላ ይመጣል? ፕሮግራሙ በ5 ሚሊዮን ሰው ገደማ ተጀመረ። የደቡብ ወሎ ወረዳዎችም ገቡበት።

አሠራሩን ብዙዎቻችሁ በእጃችሁ ስለሠራችሁት አላስረዝመውም። ጉልበት ያለው ቤተሰብ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት በአንድ ሰው በወር 5 ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፦ እርከን፣ ክትር፣ የምንጭ ማጎልበት፣ ችግኝ፣ የገጠር መንገድ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ ቀን ክፍያ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር። መሥራት የማይችል አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና ጧሪ የሌለው ሰው ሳይሠራ ይከፈለዋል፤ ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከሥራው ወጥታ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች።

እዚህ ላይ ፖሊሲ ነዳፊዎች የዘነጉት የሚመስለኝን አንድ ነገር ልናገር። ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ የተመረጠው መኸር የሚያመርተውን አርሶ አደር በማሰብ ነው፤ በዚያ ወቅት እርሻ ላይ አይደለም በሚል። የአምባሰል ደጋ ግን በልግ ያመርታል። የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሲወርድ ገበሬው ወይ ሞፈሩን ይይዛል ወይ አካፋውን። ለመላ አገሪቱ የወጣ አንድ የሥራ ወቅት እዚህ ተራራ ላይ ሲደርስ ሰውን ከራሱ ማሳ ጋር ያሻማዋል። አካታችነት ገንዘብ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ የሥራው ወቅት ራሱ ማንን ታሳቢ አድርጎ ወጣ የሚል ጥያቄ አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንምጣ። ተጠቃሚ የሚመርጠው የማኅበረሰብ ምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፤ ሽማግሌዎች፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች፣ የልማት ሠራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይገኙበታል። ነገሩ ብልህ አሠራር ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፤ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ ከወረዳ ባለሙያ ይልቅ ጎረቤት ይናገራል። የተመረጡት ሰዎች ስምም ከመጽደቁ በፊት በአደባባይ ሊነበብና ሊለጠፍ ይገባል።

ችግሩ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት ኮታው ከላይ መምጣቱ ነው። ከፌደራል ለክልል፣ ከክልል ለዞንና ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ይከፋፈላል። እንበልና አንድ ቀበሌ ውስጥ 100 ቤተሰብ የምግብ ክፍተት አለበት፤ የመጣው ኮታ ግን ለ60 ቤተሰብ ነው። ግብረ ኃይሉ ምን ያድርግ? ወይ 40 ቤተሰብ ይቆርጣል፣ ወይ ከየቤተሰቡ ጥቂት ሰው ብቻ መዝግቦ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያዳርሳል። የአገራችን ሰው ብዙ ጊዜ የመረጠው ማዳረሱን ነው። ከውጭ የመጡ ገምጋሚዎች ይህን «የአሠራር ጥሰት» ብለው ጽፈውበታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አብሮ ቀብር የሚወርድ፣ ለዱአ አብሮ ወዳጃ የሚቀመጥ ሰው ጎረቤቱን ጦም ልኮ ብቻውን ሊበላ አይችልም። የሚያስከትለውንም ግን እንወቅ፤ ለስድስት ሰው ቤት የሁለት ሰው ራሽን ከመጣ ፕሮግራሙ በሬውን ከመሸጥ አያድነውም። ጥፋቱ ያካፈለው ሽማግሌ አይደለም፤ ከችግሩ ያነሰ ኮታ ልኮ ምርጫውን ለሽማግሌ ጥሎ የሄደው አካል ነው።

ማነው ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው? ስብሰባው ላይ ያልነበረው። የአምባሰልን መሬት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ጎጥ እስከ ቀበሌው ማዕከል ገደል ወርዶ ገደል መውጣት አለ። እንዲህ ያለ ንግግር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም፦

«እማማ፣ የስብሰባው ዕለት የት ነበሩ?»

«የኔ ልጅ፣ በየት እግሬ? ለጎረቤቴ ንገሪልኝ ብያት ነበር እኮ።»

«እንግዲህ ስምዎ አልተያዘም። ለከርሞ ይታያል።»

ለቀጥታ ድጋፍ ከሁሉ በላይ የሚገባት ሴት ድጋፉን እንዳታገኝ ያደረጋት ለድጋፉ ያበቃት ያው ምክንያት ነው፤ መራመድ አለመቻሏ። መስማት የተሳነውና አልጋ ላይ የዋለውም እንደዚያው።

ሌላው መውጫ በር «ተመርቀሃል» የሚለው ነው። ሀሳቡ ጥሪት አፍርቶ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የምረቃው ቁጥር አስቀድሞ በዕቅድ ሲወርድ ወረዳው የሚያስመርቀውን ሰው ፍለጋ ይወጣል። ሁለት በግ ያረባ ሁሉ ተመራቂ ይሆንና በሚቀጥለው ድርቅ በጎቹን ሸጦ እዚያው ይገኛል።

አሁን ሐይቅ ሊኮራበት ወደሚገባ ነገር ልሻገር። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ናቸው፦ ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ። ዛሬ በመላ አገሪቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ቀበሌዎች የሚሠራበት መድን ከተፈተነባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የእናንተ ወረዳ ነው።

የመድኑ ንድፍ ቤተሰብ በሙሉ እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ አባት የታመመ ልጁን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኛውን መተው አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕመምተኛ ብቻ የሚያዋጣበት ሣጥን በስድስት ወር ባዶ ይቀራል። መክፈል ለማይችለው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። የፌደራል መንግሥት ደግሞ ከጠቅላላው መዋጮ ላይ ይጨምራል። አባል የሆነ ሰው በጤና ጣቢያ ይጀምርና ሪፈር ይዞ ወደ ሆስፒታል ያልፋል።

መድኑ እዚህ ሥር የሰደደው ቅሬ ቀድሞ ስለነበረ ይመስለኛል። ወሎ ውስጥ ሌላው አገር እድር የሚለውን ቅሬ እንላለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ የሚገባበት ብዙ መንደር አለ። ያልደረሰበት ሰው ለደረሰበት ያዋጣል፤ ተራው ለማን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። መድኑ ይህንኑ ከሞት በፊት ወዳለው ሕመም አመጣው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ቅሬ ድሃውን «ኮታ ሞልቷል» ብሎ ሳይቀብር አይተወውም። መድኑ ግን ጣሪያ አለው። በሙከራው ጊዜ በነፃ የሚታቀፈው የድሃ ድሃ ከቤተሰቡ 10 በመቶ ገደማ እንዲሆን ነው የታሰበው። ከ100 ቤት 10 ቤት ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ 11ኛው ቤት ነው። ድህነቱ ከ10ኛው በምንም አይለይም፤ 10ኛው በነፃ ይታከማል፣ 11ኛው መዋጮውን ከየትም አምጥቶ ይክፈል ወይም ይቅር ይባላል። መዋጮውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ በሀብት የተመዘነ አልነበረም፤ ጥንድ በሬ ያለውም ማሳውን በእኩል የሚያሳርሰውም ያው ነበር። የመክፈያ ጊዜውም ከመኸር በኋላ ነው፣ የገበሬ እጅ ገንዘብ ሲነካ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ በቀን ሥራ የሚያድረው ግን መኸር የለውም።

ካርዱን በየዓመቱ ማደስ ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ያላየውን ነገር አያድስም። ካርዱን ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ አባል በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይክፈል? በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈው አባሉ ካርድ ብቻ ይዞ የቀረበትን ጊዜ አልረሳነውም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነገር ተፈናቃዮች ላይ አለ። ተሁለደሬ፣ ጃሪ ላይ፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖችን አስጠልላለች። የእነዚህ ሰዎች ስም ሌላ ወረዳ መዝገብ ውስጥ ነው ያለው። መድኑም፣ ሴፍቲኔቱም፣ የመሬት ደብተሩም በቀበሌ ነዋሪነት የታሰረ ነው። ቀበሌውን ያጣ ሰው ሦስቱንም በአንድ ቀን ያጣል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸደቀው ፋይዳ መታወቂያ እዚህ ላይ ሊጠቅም ይችላል፤ መብት ከቀበሌ ሣጥን ወጥቶ ሰውየውን እንዲከተል ከተደረገ ማለቴ ነው። ፋይዳ የሌለው አይስተናገድም ከተባለ ግን ሌላ በር፣ ሌላ ዝርዝር መሆኑ ነው።

ዝርዝር ሁልጊዜ ሰው ያስቀራል ማለቴ ግን አይደለም። አማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የገጠር መሬት ይዞታ መመዝገብ ሲጀምር ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱ ደሴ አጠገብ ያለው ገራዶ ነበር። ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲገባ ተደረገ። እንዲህ ያለችው ትንሽ የቅጽ ለውጥ ከብዙ ሴሚናር የበለጠ ሠርታለች። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ፊት ስትፋታ «መሬቱ የአባወራው ነው» ይባል የነበረባት ሴት አሁን ደብተሩን አውጥታ ምስሏን ታሳያለች። ባሏ የሞተባትም የባሏ ወንድም ሲመጣባት እንዲሁ። ለቅጹ አንድ ቦታ መጨመር ወጪው ኢምንት ነው። እርግጥ ቅጹ የባልና የአንዲት ሚስት ፎቶ ነው የሚጠብቀው፤ ሁለተኛ ሚስት ስሟ የት ይገባል የሚለው ደግሞ ወሎ ውስጥ የቤት ለቤት ጥያቄ ነው።

ወጣቱስ? ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። ከመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰው ወጣት የመሬት ደብተር የለውም። ጉልበት ስላለው ለቀጥታ ድጋፍ አይበቃም። ከአባቱ ቤት ስላልወጣ በራሱ ስም የትም አልተመዘገበም። ስለዚህ በአፋር አድርጎ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል፣ ሳዑዲ ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። በዚያው ሰሞን ሕጋዊው የሥራ ጉዞ ታገደ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ደግሞ ተጓዡ ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ ይጠይቅ ነበር። ዓላማው ዜጋን መጠበቅ ነው። ከ5ኛ ክፍል ያቋረጠችው ልጅ ግን «8ኛ ክፍል አልጨረስሽም» ስትባል ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም፤ ወደ ደላላ ሄደች። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አደጋው ሊጠብቃት የተጻፈ መስፈርት ለደላላው አሳልፎ የሰጣት ስንት ልጅ እንዳለች ነዳፊዎቹ ሳይጠይቁ መቅረታቸው ነው።

በኅዳር 2007 ዓ.ም. አገሪቱ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ አጽድቃለች። ሴፍቲኔት፣ የሥራ ዕድል፣ መድን፣ መሠረታዊ አገልግሎት፣ ከጥቃት መከላከል፣ ሁሉም አሉበት። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች። የጎደለን ወረቀት አይደለም።

ብራዚል ከመዝገብ የቀረውን ሰው ለማግኘት ያደረገችውን ልጥቀስ። በ2003 እ.ኤ.አ. ለድሃ ቤተሰቦች በየወሩ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራም ጀመረች፤ ለሁሉም ድጋፍ አንድ የጋራ መዝገብም ነበራት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የድሃ ድሃው መዝገቡ ላይ እንደሌለ ተረዱ፤ ሩቅ ስለሚኖር፣ ማንበብ ስለማይችል፣ መሥሪያ ቤት ስለሚፈራ። ስለዚህ በ2011 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጡት፤ ሰው መጥቶ ይመዝገብ ከማለት ሠራተኛው ወጥቶ ያልተመዘገበውን እንዲፈልግ ግዴታ ተጣለበት። እኛ ለዚህ አዲስ ሠራተኛ መቅጠር እንኳ አያስፈልገንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ አልጋ ላይ የዋለው የት እንዳለ ታውቃለች። የቅሬው ጸሐፊ መዋጮ ያቃተው ማን እንደሆነ ያውቃል። ምዝገባው ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ በእነዚህ ሰዎች እግር ቢሄድ እነዚያ እማማ አይቀሩም ነበር።

ልንሰነባበት ነውና ለእናንተ የሚጠቅመውን ልናገር። ስማችሁ ከሴፍቲኔት ወይም ከመድን ዝርዝር ከወጣ፣ ወይም ከመጀመሪያው ካልገባ፣ በቀበሌያችሁ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። የኮሚቴው አባላት ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው መሆን የለባቸውም። ቅሬታችሁን በቃል ብቻ አታቅርቡ፤ አስጽፉ፣ ቀኑን አስይዙ፣ ቅጂ ያዙ። ቀበሌው ካልመለሰ ወደ ወረዳ ይዛችሁት ሂዱ። መራመድ የማይችል ጎረቤት ካላችሁ የእሱንም አስጽፉለት። ስብሰባ ላይ ከማንም ስም በፊት ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ ለቀበሌያችን የመጣው ኮታ ስንት ነው? የተቸገረው ቤተሰብስ ስንት ነው? ሁለቱ ቁጥሮች አብረው በቃለ ጉባኤ ይጻፉ፤ ወረዳም ክልልም ልዩነቱን ሊያይ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

 

(ማሲንቆ፤ ከፍ ብሎ ያልቃል)